ፒካፓችን አየር ያማራት ሰሞን

አሮጌ መኪና ያለው ሰውና ሳል የያዘው ሰው ዕጣቸው አንድ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሐኪማቸው ነው። ሳል የያዘውን አንዱ ዝንጅብል፣ አንዱ ጤና አዳም ያዝለታል፤ ሌላው ደግሞ "ዛሬ ነገ ሳትል ተመርመር" ብሎ ያስፈራራዋል። ባለ አሮጌ መኪናም ነዳጅ ሊቀዳ በተሰለፈበት፣ ከኋላው ያለው ሰውዬ ወርዶ ይመጣና ማንም ሳይጠይቀው "እስቲ ኮፈኑን ክፈተው" ይለዋል። ይከፍትለታል። ለምን እንደሚከፍትለት እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔም ስንት ጊዜ ከፍቻለሁ።

የእኔዋ የናፍጣ ፒካፕ ናት። ዕድሜዋን ብነግራችሁ ሊብሬው ራሱ ያፍራል። በእሷ ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። ጠዋት ወተቱን ጭና ቁልቁል ስትወርድ ጨዋ ናት። ችግሩ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ነው። ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ስትጀምር ጥቁር ጭስ ትለቅና ታስላለች፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። ከኋላዬ የሚመጡ አሽከርካሪዎች መስኮታቸውን እየዘጉ ስለ እኔም ስለ ቤተሰቤም ያላቸውን አስተያየት ይሰጣሉ። መስኮቱ ስለሚዘጋ አልሰማቸውም፤ ከንፈራቸው ግን በመስታወት ይታየኛል።

በሽታዋን ያወቀላት የሚስቴ ወንድም ነው። ቡራዩ ይኖራል፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ የማያውቀው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ዞራትና "አየር አጥሯት ነው" አለ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ናፍጣው በደንብ የሚነድበት አየር ሲያጣ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ የአየር ማጣሪያውን ጥቁር ሣጥን አውልቀህ ጣልና ባለ ወፍራም ቱቦ ክፍት ፊልትሮ ግጠምላት፣ ያን ጊዜ ዳገቱን እንደ ሜዳ ትበላዋለች አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየኝ። ቀይ፣ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ቀይና የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ልቡ ለምን እንደሚከዳው የሚያጠና ምሁር ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ሚስቴ ሮማን አልተስማማችም። ምክንያቷን ስጠይቃት "እንዲሁ ደህና ናት" አለች፤ በቃ። ሮማን ቃል ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን ጎበዝ ነህ ብላኝ አታውቅም። አዲስ ኮት ገዝቼ ፊቷ ስቆም "እጅጌው ረዘመ" ትለኛለች። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ቤቱን የምንሞላው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ስለማወራ ሰው የበዛበት ይመስላል እንጂ በእሷ በኩል ግማሹ ቤት ፀጥ ያለ ነው።

ያን ጊዜ ልብ ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር። የመኪናዬን ሳል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ጠዋት ወተት ስሰበስብ፣ ገና ሞተሯ ሳይሞቅ፣ ከሰፈሩ ድልድይ ማዶ ሲሰሙት ነው የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ መንገድ የሚወጡት፤ ሰዓት አስረው አያውቁም። ሮማንም ከሰዓት ያንን ሳል ስትሰማ ነው ሽሮውን እሳት ላይ የምትጥደው። ደጃፍ ስደርስ ሽሮው ይንተከተካል። እኔ ግን ይህን እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው።

ፊልትሮዬን ገዝቼ፣ አንድ ቀን ወተቱን አድርሼ ስጨርስ፣ ሰበታ ወደሚገኙት መካኒክ ወደ ጋሽ ሁሴን ወሰድኳት። ሱሉልታ መካኒክ ጠፍቶ ነው ወይ ሰበታ ድረስ የምትንከራተተው ትሉኝ ይሆናል። መካኒክ ሞልቷል፤ ግን ጋሽ ሁሴን ያልተበላሸውን ተበላሽቷል አይሉም። የድሮውን ማጣሪያ አውጥተው መሬት ላይ ቢያራግፉት የሱሉልታ አቧራ ግማሹ ወረደ። እሳቸው እንዳሉት መድኃኒቱ ይህንን ወረቀት መቀየርና ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ማጽዳት ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ እንደ እናንተ አገር ላለ አቧራ ተብሎ የተሠራ ነው። "ልጄ፣ መኪናህ አየር አላጣችም፤ የሚያጸዳት ነው ያጣችው" አሉኝ። እውነታቸውን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ቀዩ ነገር በእጄ ነበር። እባክዎ እንደው ይግጠሙልኝ አልኳቸው። በትዝብት አዩኝና መፍቻቸውን አነሱ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ካርታው ውስጥ አሉ እየተባለ፣ አንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ኦቦ ቶሎሳ ላሞቻቸው የሚግጡበት መስክ ካርታው ላይ ምን ተብሎ እንደተሳለ የሚነግራቸው ሰው ፈልገው አላገኙም። እኔ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቼ እሳቸው ጎረቤት የገባሁ ሰው ነኝና፣ ከተማዋ ተከትላኝ መጣች ብዬ ቀለድኩባቸው። አልሳቁም። በዚያ መስክ አባታቸውም ላም አግደውበታል። አፍሬ ወሬ ቀየርኩ።

ጋሽ ሁሴን የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቁ ከመንገዱ በኩል የጎማ ጭስ ተነሳ። ሱቆች ተዘጉ። ራቅ ብሎ ተኩስ ተሰማ። ለሮማን ስደውል ኔትወርክ የለም። ጋሽ ሁሴን ሂድ፣ ሂድ፣ ሚስትህ ብቻዋን ናት ብለው አባረሩኝ። በፉሪ በኩል በጓሮ መንገድ ተሹለክልኬ ከተማ ገባሁና ዳገቱን ያዝኩት። መኪናዬ ስታስል የነበረችው አሁን ታገሳለች! ጭሱ አልቀነሰም፣ ፍጥነቱም ያው ነው፤ ድምፁ ግን የአንበሳ ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ ጭንቅ፣ በድምፁ ትንሽ ደስ እንዳለኝ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች አስቆሙኝ። ባዶ ጀሪካኖቹን አዩና አንደኛው "የወተቱ ሰውዬ ነው፣ ይለፍ" አለ። ሌላው ግን "መኪና ቀየርክ እንዴ?" አለኝ።

እኔ የማላውቀው፣ ከሰዓት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወሬ ገብቶ ነበር። ወተት የጫነ ፒካፕ ቁልቁለቱ ላይ ተቃጠለ የሚል። ሹፌሩስ ሲባል የሚያውቅ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጃፌ ደረስኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ቆርቆሮው በር ስሄድ፣ ገና እጄን ሳላነሳ፣ ከውስጥ የሮማን ድምፅ መጣ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "ማን ነህ? እንዳትጠጋ! ባለቤቴ እየመጣ ነው!"

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። "ባለቤቴን አታውቀውም! ሁለት ሜትር ነው!" አለች። አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ነኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። "ቁጡ ነው! ሦስት ሌባ ብቻውን አባሯል!" ያባረርኩት የለም፤ እኔን ግን የኦቦ ቶሎሳ አውራ ዶሮ ሁለት ጊዜ አባሮኛል፣ ሮማንም አይታለች። ታዲያ ምን ላድርግ? አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በቆርቆሮ በር በኩል እየመጣ፣ በምን አንጀቴ ላቋርጠው? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። "እሱ እያለ ማንም አይነካኝም! እኔን ጥሎ አይቀርም! ይመጣል!" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና ቀስ ብላ፣ ለእኔም ለሌባውም ሳይሆን ለራሷ፣ "ይመጣል" አለች።

የማዳምጠው ሙገሳ ሳይሆን የሚስቴ ፍርሃት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ስሟን ልጠራ ስል አንድ ዱላ ከኋላዬ ጀርባዬን ወጋ አደረገኝ። ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! "እናቴ ድረሽልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ከውስጥ "እሱ ነው!" አለች ሮማን።

ዞር ስል ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ድምፁን የማያውቁት መኪና ጎረቤታቸው በር ላይ ሲቆም ዱላቸውን ይዘው ሮጠው መጥተዋል። "አሲቲ ማል ጎታ? ምን ታደርጋለህ እዚህ፣ ጆሮህን በር ላይ ለጥፈህ?" አሉኝ። በሩ ተከፈተ። ሮማን በሽማግሌው ፊት፣ በመንገደኛው ፊት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኦቦ ቶሎሳ ዞር ብለው መኪናዋን ማየት ጀመሩ። ወሬውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሮማን ሁለት ጊዜ መንገድ ድረስ ሮጣ፣ እሳቸው መልሰዋት፣ አንቺ ግቢ ዝጊ፣ እኔ እሰማልሻለሁ ብለዋት፣ ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ዳገቱ ጆሯቸውን ሰጥተው የመኪናዬን ሳል ሲጠብቁ ውለዋል። ለእኔ ሚስት! ካርታ ላይ መስካቸው የጠፋባቸው ሰውዬ! ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል በዱላቸው ከለከሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግን፣ ዕድሜ ለእሳቸው፣ ጆሮዬን ለጥፌ ምን ያህል እንደቆምኩ ለሮማን አንድ በአንድ ነገሯት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ይገባኛል።

መንገዱ እንደተከፈተ ሰበታ ተመለስኩ። ጋሽ ሁሴን ምንም ሳይጠይቁኝ ያንን ጥቁር ሣጥን ከመደርደሪያ ላይ አወረዱ። አዲስ ወረቀት አስገቡበት፣ ኖዝሉን አጸዱ። ጭሱ ቀነሰ፣ ሳሏ ግን እግዜር ይስጣትና አልለቀቃትም። ቀዩን ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁት፤ ሚኒባሱ ውስጥ መስታወቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

ከወራት በኋላ አገሩ ትንሽ ሲረጋጋ፣ አንድ ከሰዓት ያ የቆርቆሮ በር ትዝ አለኝ። ሰው ክፉ ነው፤ አንዴ የቀመሰውን ሁሌ ይመኛል። መኪናዬን ድልድዩ ማዶ አቁሜ በእግሬ መጣሁ። በሩን አንኳኳሁና ድምፄን አጎርንኜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሮማን ከውስጥ ማነው አለች። እንደገና አንኳኳሁ። እሷም ወደ በሩ ተጠጋችና "ባለቤቴ ሊመጣ ነው" አለች። ደረቴ ተነፋ። ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋሁ።

"ፈሪ ነው" አለች፣ "አደራህን፣ እንዳታስደነግጥብኝ።"