የአቶ ዘውገ ተምር

ትናንት ከምሳ በኋላ የድሬዳዋው አቶ ዘውገ ሸለብ አድርጓቸው ሕልም አዩ። ቢያዩም አይፈረድባቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ግቢያቸው ያለውን የተምር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥረዋል። ጎረቤታቸው ሐጂ ኢብሮ ከሰጧቸው የማፍጠሪያ ተምር አቶ ዘውገ ዘሩን ቀብረው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ውኃ እያጠጡ ያሳደጉት ዛፍ ነው። "ፍሬ የማይሰጥ ነገር ምን ይሠራልናል?" ነበር ያሉት አሰለፈች፣ ክፉ ሳያስቡ። ልጅ ሳይወልዱ ላረጁት አቶ ዘውገ ግን ቃሉ ከበዳቸው፤ ሄደው ጋደም አሉ።

በሕልማቸው ግቢው መሃል እስከ ጉልበታቸው ተተክለዋል። ተምሩ የእሳቸውን ሽርጥ አገልድሞ በጆግ ውኃ እያመጣ እግራቸው ሥር ያፈሳል። ቀስ አድርገው፣ ይበርደኛል አሉት። ወዲያው ከሐጂ ኢብሮ ግቢ ሁለት ተምሮች መጋዝ ይዘው አጥሩን ተሻገሩ። ደረታቸውን አንኳኩ፣ ብብታቸውን ገልጠው ፈተሹና ተምራቸውን ጠየቁት።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስልሳ አራት።"

"አንድም አላፈራም?"

"አላፈራም።"

"ይቆረጣ ታዲያ።"

አቶ ዘውገ ሊከራከሩ ቢሉ ከአፋቸው ቅጠል ወጣ። ያን ጊዜ ተምራቸው መጋዙን ያዘ።

"እኔ ከዚህ ሰው ፍሬ ጠብቄ አላውቅም" አለ። "ጠዋት ወጥቶ እንደምን አደርክ ይለኛል፤ ይበቃኛል።"

አቶ ዘውገ አለቀሱ። ባለመጋዞቹ ግን ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል ብለው መጋዙን ትከሻቸው ላይ አሳረፉት።

ነቁ። ትከሻቸውን የያዙት አሰለፈች ናቸው፤ ሰው መጥቷል አሏቸው።

ቆራጩ መስሏቸው ወጡ። ሐጂ ኢብሮ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተሰልፈው ቆመዋል። ቁጭ በሉ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

"ዘውገ፣ ያንተ ተምር ወንድ ነው" አሉ ሐጂ ኢብሮ። "አበባው ዱቄት ሲያራግፍ በአጥር አይቼዋለሁ። የእኔ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ የወንድ ዱቄት ካልደረሳቸው አያፈሩም። ልጃችሁን ለልጆቻችን ስጡን ብለን መጥተናል።"

አቶ ዘውገ ገና ያልነቁ መሰላቸው። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት ታይቶ ያውቃል? ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ።

አሰለፈች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከቤተ ዘመድ ጋር እንምከርበት፣ ነገ ተመለሱ አሉ። መጋዙን ይዞ በሩ ላይ ለደረሰው ሰውዬም እንዲህ አሉት፦

"ዛሬ አይሆንም። ልጃችንን ልንድር ነው።"