አንገቱን የደፋው አማቼ

እኔ በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። አንዴ ብቻ እንዳይመስልህ። ቆልፌ እገፋለሁ፤ አስፋልቱ ጋ ደርሼ እመለስና ደግሞ እገፋለሁ። የከሚሴ ባጃጅ ሾፌሮች አመሌን ስለሚያውቁ መጀመሪያ ስወጣ ሞተር አያስነሱም። «ገና ይመለሳሉ» ይባባላሉ። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመው በዚሁ አመሌ ነው። ሚኒስትሪ ስፈተን የመለስኩትን ደግሜ ሳይ፣ ያየሁትን ደግሜ ሳረጋግጥ ደወሉ ተደወለ። ግማሹን ሳልነካው ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ታዲያ በር ሲቆልፍ እንዲህ የሚሆን ሰው ልጁን ሲድር ምን ሊሆን ነው?

ፋጡማ የመጨረሻ ልጄ ነች። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችና ከእናቷ ከዘሃራ ጋር ሹክሹክታ ሆነ። ሹክሹክታው ሲረዝም ነገር እንዳለ ገባኝ። ለካ ከድር የሚባል የባቲ ልጅ፣ እዚያው ጅዳ በሹፌርነት የሚሠራ፣ ሊያገባት ይፈልጋል። እሷም ወዳዋለች። «ወዳዋለች» የሚለውን ዘሃራ የነገረችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ሸሁን ጠየቅኳቸው። ልጆቹ እዚያ ቢሆኑም ኒካሑ እዚህ ሊታሰር ይችላል አሉኝ። የልጁ አጎት ሐጂ እድሪስ ወኪል ሆነው ከባቲ ይመጣሉ፤ ምስክር አይጠፋም፤ የሚቀረው የአባት ቃል ብቻ ነው። የአባት ቃል እንግዲህ የኔ ቃል ነው። የኔን ቃል ደግሞ ነግሬሃለሁ፤ ሳልገፋው አላምነውም።

«ልጁን ሳላይ አልሰጥም» አልኩ።

በስልክ አናግረው አሉኝ። ድምፁ አማረ ተብሎ ልጅ ይሰጣል እንዴ? ሬዲዮ ላይ የሚያወራው ሁሉ ድምፁ ያምራል። ፎቶ ይላክልህ አሉኝ። ፎቶማ ሰው ተጠንቅቆ የሚነሳው ነው። ፎቶ ላይ መጥፎ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ የምፈልገው ሕያው ሆኖ፣ ሲንቀሳቀስ፣ ሲመከር እንዴት እንደሚሆን ማየት ነው። በእኛ አገር አማች የሚመዘነው በአደቡ ነው። በሚስቱ አባት ፊት አንገቱን ይደፋል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ካልጠየቁት አይናገርም። እኔም በጊዜዬ እንዲህ ነበርኩ። ዘሃራ ግን «አንተማ ፈርተህ ነው» ትላለች።

የወንድሜ ልጅ ጀማል መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለው። በቪዲዮ እናገናኛችኋለን አለ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ፋጡማን እመቤቷ የፈቀደችላት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ብቻ ነው። ከድር ደግሞ በማግስቱ ከአሠሪዎቹ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። ዛሬ ካልሆነ ምናልባት ጭራሽ ላይሆን ነው። ዘሃራ ይህን ቤት ነገረችኝ፤ መንገድ ላይ ነገረችኝ፤ በሩ ላይ ስንደርስም ነገረችኝ።

መቼም ታውቀኛለህ፤ እኔ ሐሙስ ዕለት ሄጄ አስሞክሬዋለሁ። የፋጡማ ፊት ቁልጭ ብሎ መጣ። «ጀማል፣ በአላህ፣ እንዲሁ እንዳለ ተወው። እንዳትነካው» ብዬው ሄድኩ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላም ተመልሼ ነገርኩት።

ዓርብ ቤቱ ሞላ። ሸሁና ምስክሮቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እኔና ሐጂ እድሪስ ከኮምፒውተሩ ፊት። ጀማል ነካ ነካ አደረገ። ምንም። ደግሞ ነካካ። ነጭ ገጽ መጣና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጻፈበት።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«አላገኘሁትም ነው የሚለው፣ አጎቴ።»

ሐጂ እድሪስ ጎንበስ ብለው ኮምፒውተሩን እንደታመመ ሰው አዩትና «ማል ታቴ?» አሉት። ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ኮምፒውተሩ ኦሮምኛ ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ ዝም አላቸው።

ከዚያማ አዋቂው በዛ። አንዱ አጥፍተህ አብራው አለ። ሌላው ሽቦውን ንቀለው አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት «ቢስሚላህ ብሎ ከፍቶታል?» አለች። ጀማል ሁሉንም አደረገ። አጠፋ፣ አበራ፣ ነቀለ፣ ሰካ፣ ቢስሚላህም አለ። ኢንተርኔቱን የምታመጣው ትንሿ ሳጥን ላይ መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው። አጠገቡ ያለውን ኮምፒውተር ሞከረው፤ እሱም አላገኘሁትም አለ። «እንግዲህ ችግሩ የኮምፒውተሩ አይደለም» አለ ጀማል። እኔ ላቤ በኮፍያዬ ስር ይወርዳል። በዚህ መሃል ፋጡማ በስልክ ትደውላለች። «አባ የት ናችሁ? ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

ሐጂ እድሪስ ሰለቻቸው። «አሊ፣ እኔን አይተህ የለም እንዴ? የወንድሜ ልጅ ነው። እኔን ይመስላል።»

«ለዚያ እኮ ነው ላየው የፈለግኩት» አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። «ሐጂ፣ እኔ ሰንበቴ ገበያ ፍየል እንኳ ሳልደባብስ፣ አፏን ከፍቼ ሳላይ አልገዛም።»

«እሺ፣ በኮምፒውተር ጥርሱን ልትቆጥር ነው?» አሉኝ። መጋረጃው በሳቅ ተነቃነቀ። ከሁሉም በላይ የዘሃራ ሳቅ ተሰማኝ።

ጀማል አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተ። ቁጥር ጻፈበት፤ በነጥብ በነጥብ የተከፋፈለ ቁጥር። ወዲያው ከስር ከስሩ መስመር ይደረደር ጀመር። «አልሐምዱሊላህ፣ መለሰ!» አለ።

«ማነው የመለሰው?»

«ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ነው፣ አጎቴ።»

«ምን አለ?»

«አለሁ ነው የሚለው። ሌላ ነገር አይልም።»

«ስለ ፋጡማ ጠይቀዋ!»

አይጠየቅም አለኝ። ከዚያ በቁጥር ፈንታ ስም ጻፈበት። አላገኘሁትም አለ። ጀማል በእጁ ጭኑን መታ። «መስመሩ አለ። የጠፋው ዲ ኤን ኤስ ነው!»

እንግዲህ ይህን ነገር እንደገባኝ ልንገርህ። ኮምፒውተር ለካ ስም አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። አንተ ስም ትጽፍለታለህ፤ እሱ ያንን ይዞ ወደ አንድ አዋቂ ይሮጥና «የዚህ ሰው ቤት የት ነው?» ይላል። አዋቂው ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ከዚያ ይሄዳል። ዲ ኤን ኤስ የሚሉት ያንን አዋቂ ነው። አዋቂው ከሌለ መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ የትም አትደርስም።

ለእኔ ቶሎ የገባኝ በከሚሴ እንዲህ ያለ ነገር ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ከደሴ አንድ እንግዳ መጣና ገበያ መሃል ቆሞ «ሙሐመድ ሰይድን ታውቁታላችሁ?» አለ። ከሚሴ ገበያ ላይ ሙሐመድ ሰይድ ብለህ ብትጣራ ግማሹ ሰው ይዞራል። የሚፈለገው ሰው ከጎኔ ተቀምጧል። እሱም ራሱ «የትኛው ይሆን?» እያለ አብሮን ያስባል። ማንም በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅማ! ቆይቶ ባለ ሻይ ቤቷ ብቅ አለችና «ምንድን ነው የሚነግደው?» ብላ ጠየቀች። ማሽላ አለ እንግዳው። «እንዴ፣ አባ ምሽንጋ ነዋ!» አለች። ምሽንጋ በኦሮምኛ ማሽላ ነው። ያች ሴት ያን ቀን ባትኖር ኖሮ ሰውዬው ከሚፈልገው ሰው አፍንጫ ስር ቆሞ፣ የለም ብሎ ደሴ ይመለስ ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ማለት ዲ ኤን ኤሳችን ነበረች።

«ታዲያ የኛ አዋቂ የት ሄደ?» አልኩት ጀማልን።

ጀማል አንገቱን አከከ። ለካ ሐሙስ ማታ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ ለነገው ጥሪ ይፍጠን ብሎ ደህናውን አዋቂ ከትንሿ ሳጥን አንስቶ ሌላ ተክቶበታል።

«ከየት አምጥተህ?»

«ኢንተርኔት ላይ ፈጣን ነው ሲሉ አይቼ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«አጎቴ፣ ቁጥር እኮ ነው።»

«ማን እንደሆነ የማታውቀውን ሰው ነው ወደ ልጄ የሚወስደውን መንገድ የምትጠይቀው?» ጮህኩበት መሰለኝ። ሸሁ «ሶብር፣ አሊ፣ ሶብር» አሉኝ።

ጀማል የድሮውን መለሰው። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አላገኘሁትም አለ! ጀማል ግን ተረጋግቷል። ኮምፒውተሩ የቅድሙን መልስ ይዞ ነው፤ ጠይቆ ያጣውን ያስታውሳል፤ ስለዚህ ማስረሳት አለብኝ አለ። አንድ ነገር ጻፈበት፤ ረሳ።

ሐጂ እድሪስ በጣም ተገረሙ። «አንድ ነገር ጽፈህ ነው ያለፈውን የሚረሳው? ለሚስቴም እንዲህ ያለ ቢኖር!»

ከዚያ ተከፈተ። ፋጡማ መጣች። ሱብሃነላህ! ተኳኩላለች፤ ግን ዓይኗ ፈርቷል። ሴቶቹ መጋረጃውን ረስተውት ወጡ። ከጎኗ ከድር ብቅ አለ። «አሰላሙ አለይኩም፣ አባ» አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

ወዲያውም ዝም አለ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ምክሬን ጀመርኩ። ትዳር ምን እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ቁጣ ነገርኩት፤ ስለ ትዕግሥት ነገርኩት፤ ስለ አማትና ስለ ሆድ ነገርኩት። በር ስትቆልፍ ተመልሰህ ግፋ አልኩት። ልጁ አንገቱን እንደደፋ ነው። አንዲት ጊዜ ቀና አላለም። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ፋጡማም ከጎኑ ጸጥ ብላለች። እንዲህ ያለ አደብ በዘመኔ አላየሁም! ሸሁ በየመሃሉ «አሚን» ይላሉ። ጀማል እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሲዘረጋ መታሁት። «ሰው ሲመከር አትነካካ!»

ሐጂ እድሪስ ወደ ምስሉ ተጠግተው በጣም አዩት። «ይሄ ከድር ነው?» አሉ። «ወላሂ፣ ሰው አገር ሰው ይለውጣል።»

ልቤ ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሁለተኛ ሳልገፋው አመንኩት። «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሸሁ የኔንና የሐጂ እድሪስን እጅ አጨባበጡ፤ ቃሉን አስባሉን፤ ኒካሑ ታሰረ። በዚያች ቅጽበት ምስሉ ሕይወት ዘራ፤ ከድርም «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ይጮህ ጀመር። እኛ በደስታ መሰለን። «መብሩክ! አልቋል!» ብለን እኛም ጮህን፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከመስጊዱ የዐስር አዛን ሲሰማ ጨረስን።

በዓመቱ ለእረፍት መጡ። ከድር ከሚኒባሱ የወረደው እያወራ ነው። ባጃጅ ውስጥ አወራ። ሾፌሩ እሱን ሲሰማ የኔን ቤት አልፎ ሄደ። ቤት ገብቶ አወራ፤ ሲበላ አወራ፤ የጠየቅከውን ይመልሳል፤ ያልጠየቅከውን ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ምክር ብጀምር ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል። ያውም ከኔ አሳምሮ!

ዘሃራ በጆሮዬ «ያ አደብ የነበረው ልጅ የት ሄደ?» አለችኝ።

አላስቻለኝም። «ከድር፣ ያን ቀን ያን ሁሉ ምክር እንዴት አድርገህ ነው ዝም ብለህ የሰማኸኝ?» አልኩት።

«የቱን ምክር፣ አባ? መስመሩ ተቋርጦ እኮ ነበር! ሰላም ብዬዎት ጎንበስ እንዳልኩ ምስሉ ቆመ፤ ድምፁም ጠፋ። ሃሎ ሃሎ ስል፣ ፋጡማም ስትጮህ፣ ተመልሶ ሲመጣ እልል ትላላችሁ!»

እነሱን ሊጠይቅ ወደ መጣው ጀማል ዞርኩ። ጀማል ጣራ ጣራውን ያያል። «ልነግርዎት ነበር፣ አጎቴ። እጄን መቱኝ» አለ።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፤ ፎቶ አልቀበልም ብዬ ልጄን ለፎቶ ዳርኩ! ያን ቀን እራት አልበላልህ አለኝ። ጎኔን ባሳርፍ ከወዲያኛው ክፍል ከድር ያወራል፤ ፋጡማ ትስቃለች። ፋጡማ! ከጅዳ ስትደውል ሁልጊዜ ድምፅዋ ደክሞ፣ ቃል ቆጥባ የምትናገረው ልጄ፣ «በቃህ፣ ጎኔን አመመኝ» እያለች ትስቃለች። ቆይቼ አሰብኩት። ያን ዓርብ መስመሩ ደህና ቢሆንና ልጁ እንዳመሉ ቢያወራብኝ ምን እል ነበር? እምቢ እል ነበር። ወላሂ እምቢ እል ነበር።

አሁን ተመልሰው ጅዳ ናቸው። ዓርብ ዓርብ በቪዲዮ ይደውላሉ። ከድር ያወራል። እኔ ሸምግያለሁ፤ ጆሮም ይደክማል። አንድ ዓርብ ብልሃት መጣልኝ። ወሬው መሃል ላይ ሲደርስ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፤ አንገቴን ደፋሁ፤ እንደ ድንጋይ ዝም አልኩ። ዓይኔንም አላርገበገብኩ። መስመር ተቋረጠ ብሎ ይተወኛል ብዬ ነው።

«የአባ ምስል ቆመ መሰለኝ» አለ ከድር። በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

«አልቆመም» አለች ፋጡማ። «አባ ሲያዳምጥ እንዲህ ነው። አደቡን አየኸው? ቀጥልለት።»