በሐምሌ የተለካ እግር

የቀኝ ጫማዬ ሶል የተገነጠለው በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከመተማ ወደ ኮኪት በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ገደማ ነበር። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

ሩጫ ከእግር በቀር ምንም የማይጠይቅ ስፖርት ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሮጦ እንደማያውቅ እወቁ። እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ፣ ከድንበር ከተማ ስለ ሰሊጥ ዋጋና ስለ መኪና ሰልፍ ዜና የምልክ ሰው ነኝ። ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል እሮጣለሁ፤ በዚህም ምክንያት ዕድሜዬን ዕቃ ስተካ እኖራለሁ። ኮፍያ በመተማ ፀሐይ ሁለት በጋ አይዘልቅም። ካናቴራ የላብ ጨው ይጠጣና እንደ ካርቶን ይቆማል። ጫማ ደግሞ ሁለት ጠላት አለው። በበጋ አስፋልቱ ይግልና ማስቲሹን ያቀልጠዋል፤ በክረምት ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ከወረዳችሁ ጥቁሩ አፈር ይለጠፍባችሁና በጫማ ወጥታችሁ በሁለት ጡብ ትመለሳላችሁ። ደጋ ላይ ሁለት ዓመት ያገለግላል የተባለ ጫማ እዚህ ዓመት ከደፈነ ጠንካራ ነበር ይባላል።

ከጫማው ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው ግን ሌላ ነገር ነው። አብሮ የሚሮጥ ሰው።

መጀመሪያ የመጣው የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ሁለት ቀን ሮጠ፣ በሦስተኛው ቀን ባንኩ ሥራ በዝቶበታል ብሎ ቀረ። ቀኑ እሑድ ነበር። ቀጥሎ አንድ መምህር መጣ፤ ሲሄድ በእግሩ፣ ሲመለስ በባጃጅ። ሦስተኛው የጉምሩክ ባልደረባ ነበር፤ እሱ እውነተኛ ሯጭ ነው፤ አራት ወር አብረን ሮጠን ወደ ሞያሌ ተዛወረ። ከእሱ በኋላ ስድስት ዓመት ብቻዬን ሮጫለሁ። በእኛ ሥራ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ብቸኝነትን በእነዚህ ጥያቄዎች ብትመረምሩት ማን ለሚለው አንድ ስም ብቻ ታገኛላችሁ፤ ለቀሩት ደግሞ ሁልጊዜ፣ እዚሁ፣ እንጃ። ዜና አይሆንም። ስለዚህ አልጻፍሁትም፤ ዝም ብዬ ሮጥሁበት።

ድንበር ላይ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚመስል ደግሞ አስቡት። በመጀመሪያው ወር የጭነት መኪና ሹፌሮች አጠገቤ ፍሬን ይዘው «ማን አባረረህ?» እያሉ በር ይከፍቱልኝ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው። የኬላው ፖሊስ ግን የሥራውን ጠየቀ።

«ከየት ወዴት?»

«ከመተማ ወደ መተማ።»

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ካልያዝህ ምን ያስሮጥሃል?»

እዚህ አገር ተገቢ ጥያቄ ነው። በኋላ ለመደኝና አንድ ምክር ሰጠኝ፦ «ስትሮጥ ወደ ኋላ አትይ። ወደ ኋላ እያየ የሚሮጥ ሰው እዚህ ጥሩ ምልክት አይደለም።» ምክሩን ተቀበልሁ። ኮኪት ሳይደረስ የእርሻ መንገድ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ቦይ አለ፤ እዚያ ድረስ ሄጄ እዞራለሁ፤ ከዞርሁ በኋላ እስከ ቤቴ ፊት ለፊቴን ብቻ ነው የማየው።

ሶሉ የተገነጠለ ዕለት ጫማ ሰፊው በጎማ ክር ጠቅሞ ሰጠኝ። በማግስቱ ስፌቱ ተረከዜን በላው። ጎንደር ወጥቶ አዲስ ለመግዛት ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ ወቅቱ ደግሞ ሰሊጥ የሚራገፍበት ነውና ከቦታዬ መነቃነቅ አልችልም። ስለዚህ ቅዳሜ ኢድሪስ ሱቅ ሄድሁ።

ኢድሪስ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳን በሚመጣ ሰልባጅ የሚነግድ፣ አማርኛውን ከእኔ አስተካክሎ የሚናገር ሰው ነው። የሚሆነኝ ጫማ ከመጣ ደውልልኝ ብዬው ስለነበር ጠዋት ደውሎልኛል፤ አንድ የሩጫ ጫማ፣ ቁጥሩ አርባ ሁለት፣ ሶሉ ገና ያልተነካ። ስደርስ ግን ጫማው በሰው እጅ ነበር።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ዘግይተሃል» አለኝ ኢድሪስ። «እስኪያስቀምጥ ድረስ ሻይ ጠጣ።»

እዚህ ገበያ ዕቃ የያዘ ሰው እስኪያስቀምጠው ድረስ ሌላው ዋጋ አይጠይቅም። የያዘው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው የእርሻ ሠራተኛ ነበር፤ እንደሱ ያለውን፣ ከደጋ በየዓመቱ እየወረደ ቆላውን የለመደውን፣ እዚህ ሳሉግ ይሉታል። በእጁ የተላጠች ቀጭን እንጨት ይዞ ጫማው ውስጥ እየከተተ ይለካል።

ይህችን እንጨት ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ሠራተኛው ከቤቱ ሲወጣ የልጁን እግር በእንጨት ይለካና ልኩ ላይ ቆርጦ ኪሱ ይከታል። አዝመራው አልቆ ሲመለስ ጫማ የሚገዛው በእሷ ነው። የአራት ልጆች አባት አራት እንጨት በክር አስሮ ሲዞር አይቻለሁ። የዚህኛው ሰው እንጨት አንድ ብቻ ነበረች፤ ረዘም ያለች፤ ልጁ ጎረምሳ ነው ብዬ ያዝሁ።

ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው ይቀልዱበታል። «ሙጬ፣ ለእንጨቱ ካልሲም ግዛለት እንጂ» አለው አንዱ። ሙጬ ሳቅ ብሎ መለካቱን ቀጠለ። እንጨቷ ልክክ ብላ ገባች፤ ሊገዛው መቁረጡን ከፊቱ አየሁ። እኔ ደግሞ ሌላ ጫማ አልነበረኝም።

እንግዲህ ታዘቡኝ። ሰው ያየውን ዕቃ መቀማት ነውር ነው፤ መረጃ መስጠት ግን ሥራዬ ነው።

«መቼ ነው የለካኸው?» አልሁት።

«ሐምሌ ላይ ነው ጋሼ። ከአገር ስወጣ።» አነጋገሩ የጎጃም ነው።

«አሁን ኅዳር ነው። አራት ወር። የልጅ እግር በአራት ወር ግማሽ ጣት ያድጋል።»

ይህን የት እንዳነበብሁት ዛሬም አላውቅም።

«ያድጋል?» አለ ሙጬ።

«ያድጋል እንጂ። የሩጫ ጫማ ደግሞ እንደ ሸራ ጫማ አይደለም፤ ከጠበበ ጥፍር ይነቅላል። ትልቅ ቁጥር ሸራ ብትወስድ ይሻልሃል። ያው እዚያ ተሰቅሏል።»

እንጨቷን ከጫማው አወጣና ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። አፍሮ ነው ብዬ ተረጎምሁት።

«አስፋልቱ ላይ የሚሮጡት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ብቻዎን ነው የሚሮጡት?»

«ብቻዬን ነው» አልሁ። ያለምንም ማመንታት። ስለምናገረው ነገር እርግጠኛ የሆንሁበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

ሙጬ ጫማውን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያ ለእርስዎ ነው የሚሆን። ይውሰዱት ጋሼ።» ከዚያ የተሰቀለውን ሸራ ጫማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ።

ይህን አይቻለሁ። የልጄ እግር አድጓል ብሎ ያመነ አባት ትልቁን ቁጥር ይገዛል እንጂ የባትሪ ድንጋይ አይገዛም። ሠላሳ ዓመት በጥያቄ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ለማን ነው ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅሁም። እግሬ ጫማው ውስጥ ነበር፤ ማሰሪያውን እየሳብሁ ነበር።

ጥሩ ጫማ ሆነ። በጋውን ሙሉ ሮጥሁበት። አዲስ ጫማ ለሳምንት ያህል ሰው ያስመስላል፤ ድምፅ አለው፣ እርምጃ ይቆጥርላችኋል። ከዚያ ከእግር ጋር ይላመድና ዝም ይላል፤ እንደገና ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

በቀጣዩ ሐምሌ፣ የአረም ሠራተኛ እጥረት አለ ተብሎ ለዜና ቦዩ አጠገብ ወዳለው እርሻ ሄድሁ። ተስፋሁንን አገኘሁት፤ የእርሻው ትራክተር ነጂ ነው። ጠዋት ጠዋት የውሃ ቦቴ እየጎተተ ከመተማ ሲመለስ መንገድ ላይ እጁን ያወጣልኛል። ስንት ሰው እንደቀረ ስጠይቀው ቆጥሮ ቆጥሮ፣

«ያ ጓደኛዎም ዘንድሮ አልወረደም» አለኝ።

«የትኛው ጓደኛዬ?»

«ሙጬ ነዋ። አብሮዎት የሚሮጠው።»

ደብተሬን ዘጋሁ። ተስፋሁን የማውቀውን የሚነግረኝ መስሎት እየሣቀ ቀጠለ። «ካምፑ ውስጥ ስንቱ ተኝቶ እሱ በጨለማ ይነሣል። ማሽላው ዳር ይቆምና እርስዎ ቦዩ ላይ ሲዞሩ አስፋልቱ ላይ ይገባል፣ ከኋላዎ። ከአንድ የስልክ እንጨት እስከ ሌላው ያህል ርቆ። እስከ ኬላው ሸኝቶ ይመለሳል። በበረባሶ። አጠገባቸው ሂድ እንጂ ስንለው፣ ‹በዚህ በረባሶ ከጎናቸው ሆኜ ምን እመስላለሁ? ጫማ ልግዛና እቀርባቸዋለሁ› ይላል።»

«ጫማው ለልጁ አልነበረም?»

«የምን ልጅ? ሙጬ ልጅ የለውም።»

«እንጨት ይዞ ሲለካ አይቼዋለሁ።»

«የራሱን እግር ነዋ ጋሼ። ነባር ሳሉግ እግሩን ለክቶ የሚወርደው ከቤቱ ነው። እዚህ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲያርም እግሩ ያብጣል። ባበጠ እግር የተለካ ጫማ አገሩ ሲገባ ይወልቅበታል።» ይህን ሲያስረዳኝ እንደ እንግዳ ሰው አየኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ።

«ኅዳር ላይ ጫማ ልገዛ ነው ብሎ ገበያ ሄደ። ባትሪ ድንጋይ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጠዋት እንኳ አልወጣም። እኛም ፈርተን አልጠየቅነውም» አለና ጠጋ አለኝ። «በምን ተጣላችሁ?»