የእንግሊዙ ጥቁር ቢራ በወይዘሮ ዕፀገነት ጠላ ፋንታ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ ተብሎ የተመከረበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ነሐሴ 18 ቀን 1988 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር 24.8.1996)

ቦታ፦ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም፣ ከላይፕሲገር ሽትራሰ ጀርባ ያለው የሰበካ አዳራሽ፣ ምድር ቤቱ

ሰብሳቢ አካል፦ የቦከንሃይም መረዳጃ ማኅበር የአዲስ ዓመት ግብዣ ኮሚቴ

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ወልደኣብ፣ ሰብሳቢ። ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ፤ ከሰብሳቢነት ግን አልወጡም።

2. አቶ ሳህሉ፣ አጀንዳ አቅራቢ። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የተማሩ መሐንዲስ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

3. ወይዘሮ ዕፀገነት። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የግብዣውን ጠላ ጊንሃይም ቤታቸው የሚጠምቁ፣ የሚያጓጉዙና የሚቀዱ። እሳቸውም ባላቸው ሞቶባቸዋል።

4. አቶ ረታ። ታክሲ ነጂ። በተማሪነት ዘመናቸው የለመዱት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ማንሳት እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

5. አቶ ጃብር። የኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር) ነጂ የነበሩ። ሙስሊም ስለሆኑ መጠጥ አይቀምሱም፤ በዚሁ ምክንያት በሙሉ ድምፅ ገለልተኛ ታዛቢ ሆነው ተመርጠዋል።

6. ገናናው፣ ጸሐፊ። እኔ ነኝ።

ያልተገኙ፦ ወይዘሮ የወርቅውሃ። ሽቫንሃይም ሰርግ አለብኝ ብለዋል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው የተጠራው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሰብሳቢው በጀርመን ሰዓት መስሏቸው ከጠዋቱ ዘጠኝ ላይ መጥተው፣ በሩን ተዘግቶ አግኝተው፣ ተናደው ሄደዋል። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱም ንዴታቸው አልበረደም ነበር። ጥሪው ላይ ሰዓቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው ወደ አጀንዳው እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ ተገባ።

አጀንዳ አንድ፦ አቶ ሳህሉ ያቀረቡት አንትራግ (የውሳኔ ሐሳብ)

አቶ ሳህሉ ዘንድሮ ለግብዣው በጠላው ፋንታ «ኤል» የሚባለው ጠቆር ያለ ጠንካራ የእንግሊዝ ቢራ እንዲቀርብ ጠይቀዋል። ምክንያታቸውንም ከወረቀት አነበቡ። አንደኛ፣ የጊንሃይሙ ሕንፃ ተቆጣጣሪ (ሃውስማይስተር) ከወይዘሮ ዕፀገነት ምድር ቤት (ኬለር) ሽታ ይወጣል ብሎ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፏል። ሁለተኛ፣ ጌሾ በሻንጣ እስኪመጣ መጠበቅ አድካሚ ነው። ሦስተኛ፣ ጀሪካን ይዞ ኡ-ባን መሳፈር ለእመቤት አይገባም።

ወይዘሮ ዕፀገነት ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው የመናገር ዕድል ጠየቁ። ተሰጣቸው።

«ጠላዬ ምን አደረገ?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ሳህሉ ጠላው ምንም እንዳላደረገ መለሱ።

«ታዲያ እኔስ ምን አደረግሁ?»

አቶ ሳህሉ ጣሪያውን ተመለከቱ። 

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ለትውልድ ማስፈር ይፈልጋል። የአንትራጉ እውነተኛ ምክንያት ሌላ መሆኑን ኮሚቴው በሙሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ግብዣ ላይ አቶ ሳህሉ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ኮታቸውን አንጥፈው ይዘው ሲጠብቁ አምሽተዋል። «ሰው አለው፣ ሰው አለው» እያሉ ስንቱን አባረዋል፤ እኔንም ጭምር። ወይዘሮ ዕፀገነት ግን ጠላ ሲቀዱ አምሽተው አንዴ እንኳ ሳይቀመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እንዲሁ። ሰውየው ሴትዮዋ አጠገባቸው እንዲቀመጡላቸው ነው የፈለጉት፤ ሌላ ነገር የለውም። ይህን በግልጽ መናገር አቅቷቸው የሴትዮዋን ጠላ ማስነሳት መረጡ። አንትራጉ ቢያልፍ ወይዘሮ ዕፀገነት ዕድሜ ልካቸውን ይቀየሟቸዋል። ቢወድቅ ደግሞ ዘንድሮም ወንበሩ ላይ ኮት ብቻ ይቀመጣል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ ሰውየው አንጀቴን በልተውታል። ሆኖም ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ አልተነሳም።

ቢራው ሳይቀመስ ውሳኔ መስጠት አግባብ እንዳልሆነ ተወስኖ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ታለፈ። ይህ ውሳኔ ያለ አንዳች ክርክር ከተላለፉት ጥቂት ውሳኔዎች አንዱ ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ ቢራውን ቀምሶ መገምገም

አቶ ሳህሉ ቢራውን የእህታቸውን ልጅ ሊጠይቁ ሊድስ ሄደው በነበረበት ጊዜ ገዝተው፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በሱፍ ካልሲ ጠቅልለው፣ በባቡርና በመርከብ አምጥተዋል። ሻንጣው ሲከፈት ጠርሙሶቹ አልነበሩም፤ ካልሲ ብቻ ነበር። አቶ ረታ ከስብሰባው በፊት ቢራው ይቀዝቅዝ ብለው በቅንነት የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ያውም በረዶ ቤቱ ውስጥ እንደከተቷቸው ታወቀ።

አቶ ሳህሉ ጮኹ። ይህ ቢራ በኬለር ቅዝቃዜ እንደሚጠጣ፣ በረዶ ከነካው ጣዕሙ ሁሉ እንደሚተኛ አስረዱ። አቶ ረታ በነሐሴ ወር የሞቀ ቢራ ማጠጣት ሰው መቅጣት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ሰብሳቢው ሁለቱንም «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች!» ብለው ገሠጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጠርሙሶቹ መስኮት ላይ እንዲቆሙ፣ የሚጠጡበትንም ጊዜ ገለልተኛው ታዛቢ የጠርሙሶቹን አንገት በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲወስኑ ተስማማን። አቶ ጃብር ሦስት ጊዜ ዳስሰው ሁለት ጊዜ «ገና ነው» አሉ። በሦስተኛው ፈቀዱ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በኡ-ባኑ እንኳ ኖሯቸው አያውቅም።

አቶ ሳህሉ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍተው ከታዛቢው በቀር ለሁሉም ቀድተው አደሉ፤ ብርጭቋቸውንም ለመልካም ጤንነት አነሱ። ማንም አልጠጣም።

አቶ ሳህሉ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ረታ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስተው፣ በእኛ ወግ ቀጂው ከቀዳው ራሱ ቀድሞ ሳይቀምስ ሰው ፊት እንደማያቀርብ፣ አቶ ሳህሉ ደግሞ እንግሊዝ ሲማሩ ይህን ረስተው እንደመጡ አስታወሱ። ወይዘሮ ዕፀገነት «እኔ ስንት ዓመት ስቀምስላችሁ ኖሬ!» አሉ። አቶ ሳህሉ ፊታቸው ቀልቶ ይቅርታ ጠይቀው ቀመሱ። ከታዛቢውና ከወይዘሮ ዕፀገነት በቀር ሁሉም ጠጣ።

ሁለተኛው ጠርሙስ ሲከፈት አቶ ረታ በድጋሚ እጃቸውን አወጡ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ራሱን የቻለ ዕቃ ስለሆነ ለየብቻው መቀመስ አለበት አሉ። አቶ ሳህሉ ቢራው ከአንድ በርሜል የተቀዳ ነው ቢሉም ወይዘሮ ዕፀገነት «እሱን በምን አውቀን?» ብለው አንትራጉን በብርቱ ደገፉ። ተበቅለዋቸዋል ብዬ አልጽፍም፤ ፈገግ ብለው ነበር ብዬ ግን እጽፋለሁ። ቀጂው ከየጠርሙሱ፣ ያውም ጉሮሮው እስኪሰማው ድረስ እንዲቀምስ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። አቶ ጃብር የጠርሙሱን ጽሑፍ መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ «ወላሂ ይሄ ቢራ አይደለም፣ ሰው ይጥላል» ብለው አስጠነቀቁ። ታዛቢ ሐሳብ መስጠት ስለማይፈቀድለት አልተመዘገበም።

የአባላት አስተያየት እንደሚከተለው ቀርቧል።

ሰብሳቢው ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንስተው መሐሉ ጥቁር፣ ዳሩ ላይ ግን ቀይ መሆኑን አረጋገጡ። ሽታው ዘቢብ ዘቢብ እንደሚል፣ ጣዕሙም እናታቸው አስመራ ይጋግሯት የነበረችውን ሕምባሻ፣ በተለይ እሳት የነካትን ታችኛዋን ቅርፊት እንደሚያስታውሳቸው ተናገሩ። ይህን ሲሉ የጠዋቱ ንዴታቸው ለቀቃቸው።

አቶ ረታ ቢራው ሲገባ ይጣፍጣል፣ ሲወርድ ይመራል፣ ከወረደ በኋላ ደግሞ ያሞቃል፤ ይህ የሳል መድኃኒት እንጂ ቢራ አይባልም ብለው በጥብቅ ተቃወሙ። ተቃውሟቸውንም ለማጠናከር እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ቀጥለው የጀርመን ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባና ከውኃ ውጪ በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ እንደሚከለክል አንስተው የእንግሊዙ ውስጥ ምን እንዳለ እንዲጣራ ጠየቁ። ወይዘሮ ዕፀገነት «ጌሾስ በሕጉ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከዚህ አዳራሽ ውጪ እንዳይነሳ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊው ለሥራው ሲል ቀምሷል። ጥሩ ነው። ሁለተኛውም ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ወይዘሮ ዕፀገነት ዞረ። እስከዚያ ብርጭቋቸውን አልነኩም ነበር። አነሱት፣ አሸተቱት፣ አንዴ አዞር አድርገው ትንሽ ተጎነጩ፤ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። አቶ ሳህሉ ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው እንጂ አጀንዳ ያቀረበ ሰው አይመስሉም ነበር።

«ገብሱን በደንብ ቆልታዋለች» አሉ ወይዘሮ ዕፀገነት። «ጊዜም ሰጥታዋለች። ይቺ ሴት አልቸኮለችም።»

አቶ ሳህሉ ቢራው በፋብሪካ፣ በወንዶች እንደሚጠመቅ በትሕትና ገለጹ።

«እንግዲያው ሚስቶቻቸው ነግረዋቸዋል።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ግሩም ነው፤ እውነቱን ልናገር። ከኔ ጠላ ይበልጣል የሚል ካለ ግን እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ሰብሳቢው ጆሯቸውን ሊያኩ ያነሱትን እጅ ፈጥነው አወረዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተሉት ተወሰኑ። ሀ) ቢራው ለግብዣው ይቅረብ። ለ) ጠላውም ይቅረብ። ሐ) ጠላው ለሁሉም፣ ቢራው እንግሊዝ አገር ለተማሩ ብቻ ይሁን። መ) እንግሊዝ አገር የተማሩት አቶ ሳህሉ ብቻ ስለሆኑ ለብቻቸው ጠረጴዛ ይዘጋጅላቸው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ አቶ ሳህሉ ተቃውሟቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ ስድስተኛው ጠርሙስ ተከፍቶ ነበር፤ አቶ ሳህሉም በውሳኔው መሠረት ከስድስቱም ቀምሰዋል። ተነሡ። ተቀመጡ። እንደገና ተነሡ።

ጠላው እንዲቀር የጠየቁት በሚከተለው ስሌት መሆኑን ለጉባኤው ገለጹ፦ ጠላ ከሌለ ቀጂ አያስፈልግም፤ ቀጂ ካላስፈለገ ወይዘሮ ዕፀገነት ይቀመጣሉ፤ ከተቀመጡ ደግሞ ከእኔ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ያያሉ። ሃውስማይስተሩም፣ ጌሾውም፣ ጀሪካኑም ሰበብ ነው አሉ። ጠላውን እንደሚወዱት፣ እንዲያውም አምና ዘጠኝ ብርጭቆ የጠጡት ጠምቷቸው ሳይሆን በየብርጭቆው ወይዘሮ ዕፀገነት ስለሚመጡ እንደነበር ጨመሩ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰብሳቢው ይህ ንግግር በየትኛው አጀንዳ ሥር እንደሚወድቅ ጠየቁ። ጸሐፊው «ልዩ ልዩ» አለ።

ወይዘሮ ዕፀገነት ዕድል ሳይሰጣቸው ተናገሩ። «ወይ ጉድ! ለዚህ ብሎ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሻንጣ ሙሉ ቢራ ይጎትታል? ‹ቁጭ በይ› ማለት ምን ያህል ይከብዳል፣ ሳህሉ?»

«አቶ» የሚለው ያልተጻፈው እሳቸው ስላላሉት ነው።

አቶ ሳህሉ እምቢ እንዳይሏቸው ፈርተው እንደነበር መለሱ።

«ጠላዬን ስታስነሳ ግን አልፈራህም!»

ሳቅ ሆነ። አቶ ረታ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ሊያነሡ ሲሉ ሰብሳቢው ክንዳቸውን ያዟቸው። ገለልተኛው ታዛቢ አቶ ጃብር ብድግ ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ታዲያ ጠይቃት እንጂ፣ አንተ ሰው! አሁን ሰባተኛ ጠርሙስ እንክፈትልህ?» ታዛቢው ገለልተኝነታቸውን ያጡት በዚህ ሰዓት ነው።

አቶ ሳህሉ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ዕፀገነት፣ በግብዣው ዕለት ከጎኔ ትቀመጫለሽ?»

«ጠላውንስ ማን ይቀዳል?»

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። አቶ ጃብርም አውጥተው ነበር፤ ኋላ ትዝ ሲላቸው አወረዱና «እኔ ውኃውን» አሉ።

ወይዘሮ ዕፀገነት አንድ በአንድ አዩን፤ ቦርሳቸውን አንሥተው ከበሩ አጠገብ ተነሡ። የሚሄዱ መስሎን ደነገጥን። አዳራሹን አቋርጠው መጥተው ከአቶ ሳህሉ ጎን ያለውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«እስከ አዲስ ዓመት ምን አስጠበቀኝ?» አሉ። «በል፣ ካለ አንድ ቅዳልኝ። ቀምሰህ!»

ስለዚህ በአጀንዳ አንድና ሁለት የተወሰነው ሁሉ፣ የአቶ ሳህሉ የብቻ ጠረጴዛ ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ለግብዣው እንደ ወትሮው የወይዘሮ ዕፀገነት ጠላ ይቀርባል፤ ኮሚቴው በተራ ይቀዳል፣ በወጉም ይቀምሳል። እግዚአብሔር ይርዳን። የእንግሊዙ ቢራ አይቀርብም፤ ለግምገማ ሲባል አልቋል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ዘጉ፤ የኢትዮጵያው አንድ ሰዓት ነው፣ ደግመው እንዳይቆጡ። አቶ ሳህሉና ወይዘሮ ዕፀገነት መዘጋቱን አልሰሙም፤ ስለ ገብስ አቆላል እያወሩ ነበር። በአዳራሹ ደንብ መሠረት ጸሐፊው ሁሉንም አስወጥቶ በሩን መቆለፍ ነበረበት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸው ወጣሁ።

ገናናው፣ ጸሐፊ