ለነጎድጓድ ለቅሶ የደረስን ዕለት

ዕድሜው አርባን የተሻገረ ሰው በስልኩ ጌም እንደሚጫወት ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከረምቡላ ቤት የሚውል ሰው ግን ትናንት ስንት ኳስ እንደከተተ አስፋልት ዳር ቆሞ ሳያፍር ያወራል። ዳማ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች «በላሁህ!» እያሉ ሲጯጯሁ ደግሞ «እንዴት ደስ ይላሉ» ተብለው ፎቶ ይነሳሉ። እኔም እኮ የማደርገው ያንኑ ነው። ልዩነቱ እኔ የምበላው ሰው ብራዚል ይሁን ቱርክ አለማወቄ ብቻ ነው። ቢሆንም ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ «ሥራ ላይ ነው» ትላለች እንጂ «ምሽግ እየጠበቀ ነው» ብላ አታውቅም።

ቡራዩ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ቀን ለሰው በር እገጥማለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስልኬ ውስጥ ያለ በር እጠብቃለሁ። ጨዋታው ከባድ አይደለም፦ አራት ሰው አንድ ምሽግ ይይዛል፣ ሌሎች አራት ሰዎች ሊያፈርሱት ይመጣሉ፣ ከዚያ እግዜር የፈቀደለት ያሸንፋል። እናንተ ሞክራችሁት የማታውቁ ከሆነ አትጀምሩ። የጀመራችሁ ደግሞ የምለውን ታውቁታላችሁ።

ስለ ጨዋታው ሠሪዎች ብዙ አስባለሁ። አይቻቸው አላውቅም፤ የሚያውቃቸው ሰውም አላጋጠመኝም። አንዳንድ ቀን እወዳቸዋለሁ፤ ንፋስ ሲነካው የሚጎነበስ ሣር ተጨንቀው የሣሉ ሰዎች ክፉ ሊሆኑ አይችሉም እላለሁ። በማግስቱ «ማሻሻያ» የሚሉትን ነገር ይለቁና ስድስት ወር የለፋሁበትን ጋሻ ካርቶን አድርገውት ያድራሉ። ቅሬታ ብትጽፍላቸው «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚለው መልስ ገና ጽፈህ ሳትጨርስ ይደርስሃል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች መብራት በማይጠፋበት አገር የሚኖሩ መሆን አለባቸው። እንዴት አወቅክ ትሉኝ እንደሆነ በቀዩ ቁልፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ መሀል አንዱ ጓደኛህ ድንገት ከጠፋ ስልክህ ላይ ቀይ ቁልፍ ይመጣና «ይጠቁማሉ?» ይልሃል። ከተጫንከው ምክንያቱን ምረጥ ይልሃል፦ ፈሪ ነው፣ ተሳዳቢ ነው፣ አጭበርባሪ ነው። «መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩንም ይዞበት ሄዶ ይሆናል» የሚል ምርጫ የለም። አስቡት እስቲ፣ አንድ ቡራዩ የሚኖር ሰው አማክረው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጽፉት እሱን ነበር።

የእኛ ምሽግ አራት ጠባቂዎች አሉት። እኔ ለራሴ «አለቃ» የሚል ስም አውጥቻለሁ፤ የሾመኝ ግን የለም። ሁለተኛው ጎረቤቴ ቢኒያም ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ እዚያም ስሙ «ኮድ ሦስት» ነው። ሦስተኛዋ ቻልቱ ናት፣ ሱሉልታ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች፣ በጨዋታው «ንግሥት» ትባላለች። አራተኛው ነጎድጓድ ነው። ሦስታችን በአካል እንተዋወቃለን፣ ነጎድጓድን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አብረነው ስንጫወት አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ቁጥብ ልጅ ነው። ጠላት ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፦ «እናንተ ሂዱ። በሩን እኔ እይዛለሁ።» ይይዛልም። እኛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው ብለን ገምተን ስለነበር የምንናገረው እንደዚያው ነበር፤ «አንተ ቀርፋፋ፣ ንቃ እንጂ!» የእኔ የዘወትር ሰላምታ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃችን ከፍ የሚልበት ትልቅ ግጥሚያ ነበረን። ከመጀመራችን በፊት ነጎድጓድ «ዛሬ ደረቴን ትንሽ ይዞኛል፣ ግን አለሁ» ብሎ ጻፈ። ማን ልብ ይበለው? ሦስታችን ወጥተን ስንዋጋ እሱ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ልናሸንፍ ጥቂት ሲቀረን ነጎድጓድ ቀጥ አለ፣ ከዚያም ጠፋ። በሩ ተበረገደ፣ ምሽጉ ፈረሰ። ደሜ ፈላ። «ፈሪ! ሩጥ!» ብዬ ጻፍኩለትና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ከምክንያቶቹም «ፈሪ» የሚለውን መረጥኩ። ማንም አላየኝም።

በማግስቱ ነጎድጓድ የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም። ስሙ ግራጫ ሆኖ ከጎኑ «የለም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ቀረ። ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ቻልቱ ደወለችልኝ።

«ደረቴን ብሎ ነበር እኮ» አለችኝ።

ስልኩን ይዤ የቆረጥኩት አሉሚኒየም መሀል ቁጭ አልኩ። የሰውዬው ልብ ልትቆም ስትል እንኳ በሬን አልለቅም ብሎ፣ በመጨረሻ ያነበበው ቃል የእኔ «ፈሪ» ከሆነስ? ያን ቀን የሠራሁት መስኮት ጠማማ ወጣ። ደንበኛው ሲቆጣኝም «እውነትህን ነው» አልኩት።

መቼም ያገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ሌላው ዓለም ጓደኛው ከጨዋታ ሲጠፋ ሌላ ጓደኛ ይፈልጋል፣ እኛ ለቅሶ እንደርሳለን። ነጎድጓድ አንድ ጊዜ ቻልቱ አናጢ ስትፈልግ «ሰበታ ከመጣሽ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደበላ ብለሽ ጠይቂ፣ አናጢውን አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር። ይሄው ይበቃል ብለን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቢኒያም ሚኒባስ ተነሳን። ቢኒያም ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ቻልቱ ነጠላ ይዛለች። መንገዱን ሙሉ ስለ ነጎድጓድ ደግነት ስናወራ ሄድን። ስለ ቀዩ ቁልፍ ያነሳ የለም። እኔማ እንዴት አድርጌ ላንሳው?

ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዲት ሴት አግኝተን የደበላን ቤት ጠየቅናት። እጇን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግታ «ድንኳኑ አጠገብ፣ ሰማያዊው በር» አለችን። ድንኳን የሚለውን ከሰማን በኋላ በሩ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ማን ልብ ይላል? ቻልቱ እዚያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ቢኒያም ቀድሞን ገባ። ሲያለቅስ ደግሞ እንደ መኪናው ጥሩምባ ነው። «ወንድሜን! ገና በልጅነትህ! ምኑን አየኸውና!» ሲል ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ኋላ እንደተረዳነው ሟቿ ዘጠናን የደፈኑ የሰፈሩ እናት ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ልጆች ድረው የሄዱ ናቸው። ቢሆንም የሚያለቅስን ሰው «ተሳስተሃል» ብሎ የሚያቋርጥ ጨዋ የለም። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አሉን። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከልቤ አለቀስኩ። እንባዬ ግማሹ ለነጎድጓድ፣ ግማሹ ለራሴ ነበር።

ጋቢ የደረቡ፣ ረጅም ሽማግሌ ንፍሮ በሳህን ይዘው መጡና አጠገባችን ተቀመጡ።

«ልጆቼ፣ ለማን ነው የመጣችሁት?»

«አካም ኦልታን፣ ኦቦ» ብላ ቻልቱ እንባዋን እየጠረገች በኦሮምኛ በአክብሮት ሰላም አለቻቸው። «ለደበላ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ነን።»

«የምን ሥራ?»

እኔና ቻልቱ ተያየን። ቢኒያም ግን በሳጉ መሀል «ምሽግ ነበር አብረን የምንጠብቀው!» አለ።

ሽማግሌው አንድ ባንድ አዩን። ከዚያ ወደ ቻልቱ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ንግሥት አንቺ ነሽ?» አሏት።

ቻልቱ እንባዋን መጥረጓን አቆመች።

«ይሄ የሚጮኸው ኮድ ሦስት ነው። እዚያም ቀድሞ የሚደነግጠው እሱ ነው» አሉና ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንተ ደግሞ አለቃ።»

ምን ልበላችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ እፎይ ብዬ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ፤ ሞቃት ነበር፣ አልለቅም አልኩ። ቢኒያም ሳቁ ሲያመልጠው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያዩ እናቶች ለቅሶው የባሰበት መስሏቸው ጀርባውን ያሻሹት ጀመር። ቻልቱ ጭኑን ቆነጠጠችው። እኔ ግን ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው «አንተ ቀርፋፋ» ስል ኖሬያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ለሟቿ ቤተሰቦች እግዜር ያጽናችሁ ብለን ይቅርታም ጠይቀን ወጣን። ኦቦ ደበላ ወደ ሰማያዊው በር መሩን። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ጉልበታቸው እንደ ልብ አላስኬድ ካላቸው ወዲህ የልጅ ልጃቸው ጨዋታውን ስልካቸው ላይ ጭናላቸዋለች። «መሮጥ አልችልም፣ ስለዚህ በር እይዛለሁ» አሉን። ለካ ነገሩ ያ ነው።

ሻይ ቀርቦልን ቁጭ እንዳልን ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ይህን ከሠሪዎቹ የመጣውን መልእክት በአማርኛ አንብብላቸው።»

ማንበብ ጀመርኩ። «ውድ ነጎድጓድ፣ ሦስቱ የቡድን ጓደኞችዎ በፈሪነት ስለጠቆሙዎት ለሠላሳ ቀን ከጨዋታው ታግደዋል።» ሦስቱ የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ቻልቱን አየኋት፣ ወለሉን ታያለች። ቢኒያምን አየሁት፣ ጣራውን ያያል። ያን ሁሉ ቀን ኃጢአቱን ብቻዬን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር።

«ቻልቱ፣ ሒሳብ አይደል የምታስተምሪው?» አሉ ኦቦ ደበላ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ምሽጉን የምንይዘው አራት ነን። ከአራት እኔን ቀንሺ።»

ቻልቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«የዚያን ዕለት ሰበታ በሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። ደረቴም ጉንፋን ነበር፣ ተሻለኝ። ይቅርታ ሊሉኝ ይመጣሉ ብዬ ዐሥራ አምስት ቀን ጠበቅኳችሁ፤ እናንተ ልትቀብሩኝ መጣችሁ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ሦስታችንም ተነስተን ጉልበታቸው ላይ ወደቅን። «ተነሱ፣ ተነሱ፣ የሚያመኝ ጉልበት እሱ ነው» አሉን።

ስወጣ ሰማያዊውን በር አየሁት። ማጠፊያው ዘሟል፣ ሲዘጋም ያንቋርራል። በሚቀጥለው እሑድ መሣሪያዬን ይዤ ሄጄ አስተካከልኩት። ካሳ ነው አላልኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ለጨዋታው ሠሪዎችም ረጅም ደብዳቤ ጽፌ ስለ ሰውዬውና ስለ መብራታችን አስረዳኋቸው። አስተያየቴ ለእነሱ ውድ መሆኑን ወዲያው ገለጹልኝ።

ሠላሳው ቀን ሲሞላ ነጎድጓድ ተመለሱ። አሁን የምንጽፈው ሁሉ በአክብሮት ነው፤ ጠላት በሩን ሲሰብር «ኦቦ፣ ከኋላዎ ናቸው፣ ቢዞሩ» ብለን እስክንጨርስ ምሽጉ ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ደረጃችን ወርዷል።

ባለፈው ሳምንት ጦርነቱ መሀል እኔ ቤት መብራት ጠፋ። ሲመጣ ስልኬን ከፈትኩ፦ ጥቆማ፣ አንድ፤ ምክንያት፣ ፈሪ። ከሥሩ ደግሞ ከነጎድጓድ «ሩጥ!» የሚል መልእክት። ሰው ሲሰድበኝ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ኦቦ፣ መብራት ጠፍቶብኝ እኮ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«አውቃለሁ» ብለው መለሱልኝ።