ቅድሚያ ለጋሽ ኮባልት

ትናንት በሕልሜ የፋብሪካችን ድምፅ ማጉያ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ክቡራትና ክቡራን! ዛሬ ውሃው እርጥብ መሆኑን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል።» ሕዝቡ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ባርኔጣ ስላልነበረኝ ጫማዬን አወለቅኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀለሙን ግድግዳ ላይ የሚያስይዘውን ነጭ ማጣበቂያ ዘንድሮ ከውጭ መግዛት ትተን ራሳችን ማብሰል ጀመርን። ውሃ፣ ሳሙናና ዘይት መሳይ ፈሳሽ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ማስጀመሪያ የሚባል ኮባልት ያለበት ዱቄት ይጨመራል። ክዳኑ ተዘግቶ በሙቀት ይበስላል፤ አየር ከገባበት አይያያዝም። ማጣበቂያው ካልያዘ ክፍላችን ይዘጋል፣ እኛም ወደየቤታችን ተብለናል። ይህንን እያሰላሰልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ታዲያ በሕልሜ ማብሰያው ነጭ ጋውን ለብሶ ውጭ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ውስጡ ነን። ቴርሞሜትሩ እኔን ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣

«ገና ጥሬ ነህ» አለኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ተያያዝ።»

«ከማን ጋር?»

«ካገኘኸው ጋር። ውሃው ሳይበርድ ካልተያያዛችሁ ቧንቧው ይከፈትና ሁላችሁም ወደ ቦይ ናችሁ።»

ወዲያው ራሴን ድግስ ቤት አገኘሁት። ግድግዳው ሳሙና ነው። ሳሙናዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ጭንቅላታቸውን ውጭ ውሃው ውስጥ ነክረው፣ እግራቸውን ወደኛ ዘርግተዋል።

«እንግዳ በእግር ነው እንዴ የምትቀበሉት?» አልኩ።

«ምን እናድርግ ወንድሜ» አለች አንዷ ከውጭ፤ «ጭንቅላታችን ውሃ ይወዳል፣ እግራችን ውሃ ይጠላል።»

አሳማኝ መሰለኝ።

ባልደረቦቼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጨዋ ደንብ ተቀምጠዋል። ለመያያዝ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ።

«አቶ ገረሱ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ! ወይዘሮ አመለወርቅ እያሉ?»

«እኔ? ትልቅ ሰው ሳይጀምር? ምነው፣ ባለጌ አስመሰላችሁኝሳ!»

ውሃው መብረድ ጀመረ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሽ ኮባልት ገቡ። አጭር፣ ከባድ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት አጃቢዎች፣ እያንዳንዳቸው በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘዋቸዋል፤ ከሽማግሌው የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው። ሁላችንም ብድግ አልን።

«ጋሽ ኮባልት፣ ይጀምሩልን!»

«በየትኛው እጄ?» አሉ ከመሀል። «እነዚህ ልጆች መላወሻ አሳጡኝ።»

«ልቀቋቸው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

አጃቢዎቹ ተቆጡ። «ለቀናቸው ቢወድቁስ? አገሩ ምን ይለናል?»

«አልወድቅም፤ ብረት ነኝ» አሉ ጋሽ ኮባልት።

«ቢሆንም ይሉኝታ አለ» አሉና ጭራሽ አጠበቁ።

የአንደኛው አጃቢ እግር ላይ ተደፋሁ። «ጌታዬ፣ አንዷን እጅህን ብቻ!»

ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ቢሞቀኝ እኮ በላብ ያመልጠኝ ነበር» አለ።

ሮጬ የማብሰያውን ሆድ ከውስጥ ደበደብኩ። «ሙቀት ጨምርልን!»

«እኔ አሁን ኃላፊ ነኝ» አለ ማብሰያው። «ኃላፊ አይሞቀውም፣ አይበርደውም።»

ሌላ መላ ስላልነበረ መጨፈር ጀመርን። አቶ ገረሱ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ እልል አሉ፣ ሳሙናዎቹ በእግራቸው መቱልን። ቤቱ ጋለ። የአጃቢው ግንባር አላበው፤ ከዚያ አንድ እጁ ሙልጭ አለች፣ ሌላዋም ተከተለች።

«ወይኔ ጉዴ፣ ለቀቅኳቸው!» አለና እየተንገዳገደ የወይዘሮ አመለወርቅን እጅ ያዘ። እሳቸው አቶ ገረሱን ያዙ። አቶ ገረሱ ዘበኛውን፣ ዘበኛው ሾፌሩን፤ ሰንሰለቱ እየጮኸ ወደ እኔ መጣ። ጋሽ ኮባልትን ዞሮ ያያቸው የለም። ሾፌሩ እጁን ሰደደልኝ፤ እኔም እጄን ዘረጋሁ። ጣቱ ጣቴን ልትነካ ስትል ከላይ ክዳኑ ተከፈተ።

ሥራ አስኪያጃችን ነበሩ። አንገታቸውን አስግገው፣ «እህሳ፣ ተጀመረ?» አሉ።

«ይዝጉት! አየር ይገባል!» ብል አልሰሙኝም። አየሩ ገባ፤ የሾፌሩን እጅ ጨበጠና ዝም ብሎ ቆመ። አይናገር፣ አይለቅ፣ ለሌላ አያስጨብጥ። ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ቀረ። ከሥሬ ቧንቧው ሲከፈት ተሰማኝ። ውሃው ወገቤን ይዞ ወደ ቦዩ ሲጎትተኝ በጭብጨባ ነቃሁ።

የፋብሪካው ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ። የአዲሱ ማጣበቂያችን የምርቃት በዓል ነው። ሥራ አስኪያጁ ጥቁር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ማይክሮፎኑን ይዘዋል።

«ማጣበቂያችን ይዟል!» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን። ማጣበቂያውን ያበሰለው ኢንጂነር ፍሥሐጽዮንም መሬት መሬት እያየ አጨበጨበ።

ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ባለፈው ሳምንት በአዲሱ ቀለማችን ነጭ ተቀብቷል። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ሊነሱ ደገፍ አሉበት፤ ተነሡም። ከዚያ በረድፎቹ መሀል እያለፉ፣ ግራና ቀኝ እጅ እየነሱ ወደ መውጫው ተራመዱ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ትከሻና አንድ ጀርባ የሚያህል ቦታ ተልጦ አሮጌው አረንጓዴ ቀለም ብቅ ብሏል። የሱፋቸው ጀርባ ዱቄት የተሸከመ መስሏል።  ጭብጨባው እሳቸው ካለፉት ረድፍ ጀምሮ፣ ተራ በተራ ይቆም ጀመር።