ወጨጫን ቁልቁል በጸጋነሽ ብስክሌት

ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነገር ያምናል። «ቁጡ ነኝ» ይላል፣ «እንቅልፍ እወዳለሁ» ይላል፣ ትንሽ ከቀማመሰ ደግሞ ሳይጠየቅ የባሰውንም ይዘረግፈዋል። «ቀናሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተን አጋጥሟችሁ ከሆነ አስተዋውቁኝ። ቅናት ደጃችን የሚቆመው ስሙን ቀይሮ ነው፤ «ለእሷ አስቤ ነው እንጂ» እያለ። እኔም ዘንድ የመጣው እንዲሁ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ያወቅኩት ከገባና ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሰበታ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱቄ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ካላማዳሪ እለጥፋለሁ፣ ሰንሰለት እቀጥላለሁ፣ የተወላገደ ቸርኬ አቀናለሁ። ግድግዳዬ ላይ አንድ ፎርኬላ ተሰቅሎ ነበር። ፎርኬላ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ጨብጦ የሚይዘው ብረት ነው፤ የእኔው ግን ተራ አልነበረም። ውስጡ ሞላና ዘይት ያለው፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ረገብ ብሎ የሚነሳ፣ ከተራራ ቁልቁል ለመውረድ ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ ሄደ። ለስምንት ዓመት ወደ ሱቄ ለገባ ሁሉ በጣቴ እያሳየሁ፣ «በዚህ አንድ ብስክሌት እሠራና ከወጨጫ ተራራ እስከ ሰበታ ፔዳል ሳልረግጥ እወርዳለሁ» እል ነበር። ብስክሌቱ አልተሠራም። ወሬው ግን በየዓመቱ እያማረበት ሄደ።

ከሰሙኝ ሰዎች አንዷ ጸጋነሽ ናት። ከሆሳዕና በኩል መጥታ የውሃ ታንከር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ ሥራ ተቀጥራለች። ወደ ሥራ የምትመላለስበትን አሮጌ ብስክሌት እኔ ነኝ የምጠግንላት። ስጠግን ቆማ ታያለች፤ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ግን ብስክሌቷ ምንም ሳይሆን መጣች።

«ጋሼ፣ ያንን ፎርኬላ ይሸጡልኛል?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«እርስዎ ያሉትን ብስክሌት ልሠራ ነው። አካሉን ጀምሬዋለሁ።»

እርስዎ ያሉትን! እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያወራሁትን ይቺ ልጅ ወስዳ ብረት ልታደርገው ነው።

«ተሽጧል» አልኳት። «ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ቀና ብላ አንዴ አየችውና ሄደች። እኔም ለራሴ፣ ሰው ተራራ ላይ ወድቆ ከሚሰበር ብዋሽ ይሻላል፣ ለእሷ አስቤ ነው አልኩት። ራሴም አመነኝ።

ወሬዋ ግን እየተከታተለ ይደርሰኝ ጀመር። ሱሉልታ ከሚኖር ዘመዷ የተጣለ ማውንቴን ብስክሌት አምጥታ፣ አካሉን ቆራርጣ፣ በወፍራም ቱቦ እንደገና በየደችው አሉ። ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የፊት እግሩን ፈታ፣ አሳጥራ በፎርኬላ ፋንታ ገጠመችው አሉ። ሥራ አልሆን አለኝ። ሦስት ወር ያህል ታገስኩና አንድ ቅዳሜ «በዚህ ሳልፍ» ብዬ ተከራይታ ወደምትኖርበት ግቢ ሄድኩ። በዚያ በኩል በሕይወቴ አልፌ አላውቅም።

ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኮርቻው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ፣ ጎማው እንደ እርሻ መሣሪያ ጥርሳም ነው። ብየዳዋ በየመገጣጠሚያው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። እንከን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በመጨረሻ በአንድ እጄ ላነሳው ሞከርኩና አቃተኝ። ደስ አለኝ።

«ይከብዳል» አልኳት።

«አዎ ይከብዳል» ብላ ሳቀች። «ቢሆንም የሚሄደው ቁልቁል ነው።»

በዚያው ወደ ሱቄ ተመልሼ ፎርኬላውን ከግድግዳ አወረድኩት። እኔም እሠራለሁ፤ እሷን እቀድማለሁ! መሬት ላይ አቁሜ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። ስፈታው ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፣ ሞላውን ዝገት በልቶታል፣ ከዘይቱ የቀረው ቡናማ አተላ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሰቅዬ ነበር። ይህን ሸጬላት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጣት ነበር? አያችሁ፣ ውሸቴ ጠቀማት ልል ምንም አልቀረኝም።

ብስክሌቷን የምትሞክርበት እሁድ ደረሰና እኔንም ጠራችኝ። ከቸርች መልስ ብስክሌቱን እየገፋን የወጨጫን አቀበት ወጣን። የምትወርድበት መንገድ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ በኦቦ ቶሎሳ ማሳ ዳር ያልፋል። ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁን።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?» ብላ ደህንነታቸውን ጠየቀቻቸው፤ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ ትናገራለች። ይሄም አናደደኝ።

«ናጋ፣ ገለታ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና ብስክሌቱን አዩት። «በዚህ ልትወርጂ? በቅሎ አጥተሽ ነው?»

ጸጋነሽ የሞተር ሳይክል ሄልሜቷን አጠለቀች። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን በቡሎኖቹ ላይ አንከራተትኩ። አንደኛው፣ መሪውን ከአንገቱ ጋር የሚያስረው፣ ላልቷል።

እዚህ ላይ ዝም ያልኩበትን ጊዜ ልንገራችሁ። ረጅም አልነበረም፤ እሷ የሄልሜቷን ማሰሪያ እስክትቆልፍ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መሪው ለብቻው ሲዞር ታየኝ፤ እኔም በተሰበሰበ ሰው መሃል ቆሜ «ይከብዳል ብያት ነበር» ስል ታየኝ። ሲታየኝም አልከፋኝም። ከዚያ መሪውን ስትጨብጥ እጇን አየሁት። የብየዳ ብልጭታ ያቃጠለው ነው፤ ትንንሽ ጠባሳ ከጣቷ እስከ ክንዷ ተዘርቶበታል።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ።

ከኪሴ ኪያቤ አውጥቼ ተንበረከክኩና ቡሎኑን ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ላልቷል። ቢፈታ ኖሮ...» አልጨረስኩትም።

እሷም ጎንበስ ብላ ቡሎኑን አየችና ቀስ ብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ» አለችኝ። ከስድብ የከበደ ምስጋና የሰማሁት ያኔ ነው። ጎንበስ እንዳልኩ አፌ አመለጠኝ፦ «ፎርኬላው አልተሸጠም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «በደጅዎ ሳልፍ ተሰቅሎ አየው ነበር።»

ቡሎኑን በእጇ ነካክታ አረጋገጠችና ኮርቻው ላይ ወጥታ ፍሬኑን ለቀቀች። ብስክሌቱ ድንጋዩን እየዋጠ፣ አቧራውን እየበተነ፣ ቁልቁል ተምዘገዘገ። መታጠፊያው ላይ ዘመም ብላ ገባች፤ ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የማየው ያቺን ቡሎን ብቻ ነበር።

ያን ብረት እየገፋች ተመልሳ ስትወጣ ላብ አጥምቋታል፣ ጥርሷ ግን አልተከደነም። ሄልሜቱን አውልቃ ራሴ ላይ ደፋችልኝ።

«አሁን እርስዎ።»

እንዴት እንደወረድኩ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ከጠየቃችሁኝ፣ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጨበጥኩ፣ ከዚያ አልለቀቅኩም። ኦቦ ቶሎሳ በእግራቸው ከጎኔ እየሄዱ ስለ ገብሳቸው አወሩኝ። ከታች ሊያዩ የተሰበሰቡ ወጣቶች ከበቡኝና «ማነው የሠራው?» አሉ። እጆቼ ከፍሬኑ አልላቀቅ ብለው ስለነበር በአገጬ ወደ ላይ፣ ወደ ጸጋነሽ አመለከትኳቸው።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ብስክሌት የሚሠራላቸው ፈልገው ሦስት ሰዎች ወደ ሱቄ መጥተዋል። ሁለቱን ወደ ጸጋነሽ ልኬያቸዋለሁ።